አየር ያጠረው ሚኒባስ፦ ከጎንደር ደባርቅ የሚመላለስ የአንድ መኪና የጉዳይ ጥናት

ሰውየው ወደ ጋራዤ የመጡት ኅዳር ሲጋመስ ነው። ከጎንደር ደባርቅ የሚሠራ ሚኒባስ አላቸው። ራሳቸው ይነዱታል። ከወንበሩ ሳይወርዱ «የኔ ልጅ፣ ይኼ መኪና ናፍጣ መጠጣት ጀምሯል» አሉኝ። ሞተሩን አላጠፉትም ነበር። በማርሚታው የሚወጣው ጭስ እንደ ከሰል ጥቁር ነው። አጠገባቸው ባጃጁን ያቆመው ልጅ አፍንጫውን በክንዱ ሸፍኖ ራቅ አለ።

ስማቸውን አልጽፍም። ጋሼ እያልኩ ልቀጥል።

መኪናው ቶዮታ ሃይኤስ ነው። ሞተሩ 5ኤል የሚባለው የናፍጣ ሞተር ነው። አራት ሲሊንደር፣ 2,986 ሲሲ። ተርቦ፣ ማለትም አየር እየገፋ ወደ ሞተሩ የሚያስገባ ዕቃ፣ የለውም። ናፍጣውን የሚመግበውም ኮምፒውተር ሳይሆን መካኒካል ፖምፓ ነው። ይህን እንድትይዙልኝ እፈልጋለሁ፤ መኪናው ሌላ ዓይነት ቢሆን ኖሮ ታሪኩም ሌላ ይሆን ነበር።

የጋሼ ቅሬታ ግልጽ ነበር። ደርሶ መልሱ 200 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ድሮ 24 ሊትር ይበቃቸው ነበር። አሁን 28 ይፈልጋል። ዳገት ላይ ጉልበት የለውም፤ ሦስተኛ ማርሽ ይወጣበት የነበረውን ቦታ በሁለተኛ ነው የሚወጣው። ጥምቀት እየቀረበ ነው። ጎንደር ለጥምቀት እንዴት እንደምትጨናነቅ የምታውቁ ታውቃላችሁ፤ ለሚኒባስ ባለቤት የዓመቱ ገበያ ነው። መንግሥት ከ2014 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ የነዳጅ ድጎማውን ደረጃ በደረጃ ማንሳት ከጀመረ ወዲህ ደግሞ በየቀኑ አራት ሊትር መክሰር ቀልድ አይደለም። ማደያ የሚጠፋውን ጊዜም ጨምሩበት።

«ምን አደረጉለት እስካሁን?» ብዬ ጠየቅኳቸው።

«ያላደረግሁት የለም» አሉ። ዘይት ቀይረዋል። ናፍጣውን የሚረጩትን ኖዝሎች አስፈትሸዋል። የአየር ፊልትሮውን በየሳምንቱ ጎሚስታ ቤት ያስነፋሉ። አንድ ጋራዥ ጉልበት ይጨምርለታል ብሎ ፖምፓውን ነካክቶታል። በመጨረሻም አንድ ነጋዴ «ነዳጅ ቆጣቢ» ብሎ ሸጦላቸው አየር ቱቦው ውስጥ አስገጥመዋል።

ይህን ስሰማ ግማሹ ጉዳይ ተገለጠልኝ ብዬ ነበር። ተሳስቼ ነበር።

መጀመሪያ ስለ አየር ትንሽ ልበል። አንድ ሊትር ናፍጣ ተቃጥሎ እንዲያልቅ ቢያንስ 12 ኪሎ ግራም አየር ይፈልጋል። አየር ክብደት እንዳለው ስለማይሰማን ነው እንጂ ይህ ብዙ ነው። ጎንደር 2,133 ሜትር ከፍታ ላይ ናት። እዚህ የአየሩ ግፊት ከባሕር ወለሉ በ23 ከመቶ ገደማ ያነሰ ነው። ስለዚህ ያ 12 ኪሎ አየር እኛ ከተማ 13 ኪዩቢክ ሜትር ገደማ ይሆናል። አንዲት ትንሽ የኪራይ ክፍል ሙሉ አየር በሉት። ይህ ለአንድ ሊትር ብቻ ነው። የናፍጣ ሞተር ደግሞ ሳይጨስ ለመሥራት ከዚህም የተረፈ አየር ይፈልጋል። ደባርቅ 2,850 ሜትር ላይ ስትደርሱ ግፊቱ በ30 ከመቶ ገደማ ቀንሷል። እንግዲህ ይህ መኪና ጠዋት ከመናኸሪያ ሲወጣ ገና ድሮውኑ ትንፋሽ አጥሮት ነው። ተርቦ ያለው መኪና ይህን በከፊል ያካክሳል። የጋሼ መኪና የሚያካክስበት የለውም።

ፖምፓው ይህን አያውቅም። እግርህ ባዘዘው ልክ ናፍጣውን ይረጫል። አየሩ ካነሰ የተረፈው ናፍጣ ጥላሸት ሆኖ ይወጣል። ያ ጥቁር ጭስ ጋሼ ገንዘብ ከፍለው የገዙት ናፍጣ ነው።

አየሩ የት እንደሚታነቅ በዓይን ማየት አይቻልም። መለካት አለበት። ለዚህ የተሠራ ጌጅ አለ፤ እኔ ግን የለኝም። የሠራሁት ይህን ነው። ሁለት ሜትር ተኩል ግልጽ የላስቲክ ቱቦ ገዛሁ። በጣውላ ላይ እንደ ፊደል «ሀ» አጥፌ በሽቦ አሰርኩት። በመሃሉ የልብስ ሰፊ ሜትር ለጠፍኩ። ውሃ ሞላሁበት፤ እንዲታይ ጥቂት ቀይ ቀለም ጨመርኩ። አንዱን ጫፍ ክፍት ተውኩት። ሌላውን ጫፍ ከፊልትሮው በኋላ፣ ሞተሩ አፍ ላይ ባለች ትንሽ ቀዳዳ ሰካሁት። ሞተሩ ሲስብ ውሃው በአንዱ በኩል ይወጣል፣ በሌላው ይወርዳል። የሁለቱ ልዩነት በሴንቲ ሜትር የማነቆው ልክ ነው። በመሃል ባዶ የሃይላንድ ጠርሙስ ማስገባት አትርሱ፤ አለበለዚያ ሞተሩ ውሃውን ሊጠጣው ይችላል። ውሃ የጠጣ የናፍጣ ሞተር ቢዬላው፣ ፒስተኑን የሚይዘው ዘንግ፣ ሊጣመም ይችላል።

ተርቦ በሌለው በእንዲህ ያለ የናፍጣ ሞተር ልኬቱን ቆሞ መውሰድ ይቻላል። እንደ ቤንዚን መኪና አየሩን የሚያፍን ቢራቢሮ ላይ ስለማይመካ፣ የሚስበው አየር ሞተሩ በሚዞርበት ፍጥነት ልክ ነው። አሙቀን ነዳጁን እስከ መጨረሻ ሰጠነው። ጋሼ ከጎኔ ቆመው ያያሉ። ቀዩ ውሃ ተንቀጠቀጠና ወጣ። 64 ሴንቲ ሜትር ላይ ቆመ።

ተርቦ ለሌለው የናፍጣ ሞተር ብዙውን ጊዜ የሚሰጠው ወሰን 50 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። ከዚያ ካለፈ ፊልትሮ ቀይር ማለት ነው። የጎንደር አየር በሙሉ ግፊቱ ስምንት ሜትር ገደማ ውሃ ነው የሚያቆመው። ከዚያ ላይ 64 ሴንቲ ሜትር ተወሰደ ማለት ስምንት ከመቶ ነው። መንገድ ላይ ዙሩ ዝቅ ሲል ማነቆውም ይቀንሳል። ዳገት ላይ በሁለተኛ ማርሽ ሲያስጮሁት ግን ይመለሳል። ይህ እንግዲህ ከፍታው በወሰደው ላይ የተጨመረ ነው።

ከዚያ አንድ በአንድ መፍታት ጀመርን። ከጋሼ ጋር የተስማማነው አንድ ነገር ብቻ ቀይረን እንድንለካ ነው። ሁሉንም ባንድ ቀን መቀየር ይቀለኝ ነበር። ግን የትኛው እንደሠራ ማን ይነግረን ነበር?

መጀመሪያ «ነዳጅ ቆጣቢውን» አወጣሁት። ቀለበት ሆኖ በውስጡ እንደ ማራገቢያ የተጣመሙ ቆርቆሮዎች አሉት። አየሩን ያሽከረክራል፣ በሽክርክሪቱ ናፍጣው በደንብ ይቃጠላል ነው የሚባለው። ውሃው ከ64 ወደ 57 ወረደ። ማለትም ዕቃው ራሱ ሰባት ሴንቲ ሜትር ማነቆ ነበር። የሽክርክሪቱ ነገር ደግሞ እስከ ሲሊንደሩ አይደርስም። ቱቦው ይታጠፋል፣ ማኒፎልዱ ለአራት ይከፍለዋል፣ ቫልቩ ይሰባብረዋል። 5ኤል የሚፈልገውን ሽክርክሪት ቴስታታው (የሞተሩ ራስ) ውስጥ ባለችው ትንሽ ጓዳ ራሱ ይሠራል፤ ናፍጣውም የሚረጨው እዚያ ነው። የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ ባለፉት ዐሥርት ዓመታት ከ100 በላይ ነዳጅ ቆጣቢ የተባሉ ዕቃዎችን ገምግሟል። እውነት ነዳጅ የቀነሱት በጣት የሚቆጠሩ ናቸው፤ እነሱም ጥቂት ነው የቀነሱት። ጋሼ ቀለበቱን አገላብጠው አዩትና ዝም አሉ። ከዚያ «ሸጠልኝ እንጂ አልለካልኝም» አሉ።

ቀጥሎ ፊልትሮው። ከውጭ ሲታይ ንጹሕ ነው። ይነፋላ! ወደ ጨለማው ጥግ ወሰድኩትና በውስጡ የስልኬን መብራት አበራሁ። የወረቀቱ እጥፋቶች አብዛኛው ቦታ ጨለማ ናቸው፤ ብርሃን አያሳልፉም። በሦስት ቦታ ግን ብርሃን እንደ መርፌ ቀዳዳ ጠብ አለ። ፊልትሮው በአንድ ጊዜ የተደፈነም የተበሳም ነው። ጣቴን ከፊልትሮው በኋላ ባለው ቱቦ ውስጥ ሰድጄ ሳወጣው እንደ በሶ የላመ ቀይ አቧራ ይዞ ወጣ።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ስለሆነ። የጎሚስታ ኮምፕሬሰር ለጎማ ነው የተሠራው። ግፊቱ ሰባት ስምንት ባር ይደርሳል። የወረቀት ፊልትሮ የሚችለው ሁለት ባር ገደማ ነው፤ እሱም ከውስጥ ወደ ውጭ፣ ራቅ ተብሎ። በቅርብ ሲነፋ ትልቁ አቧራ ይበናል፣ ደቃቁ ወረቀቱ ውስጥ ይበልጥ ይሰነቀራል፣ ወረቀቱም ይበሳል። በዚያ ቀዳዳ የሚገባው አቧራ ከዘይት ጋር ተለውሶ ሲሊንደሩንና ፋሻውን (የፒስተኑን ቀለበት) እንደ ብርጭቆ ወረቀት ይፍቃል። በጋ ላይ መንገዱ ሲቆፈር የሚነሳውን አቧራ አስቡት። የተበሳ ፊልትሮ ከመግጠም የተደፈነ ፊልትሮ መግጠም ይሻላል እላለሁ። የተደፈነው ኪስ ይጎዳል፣ የተበሳው ሞተር ይገድላል። ፈርቼ የአራቱንም ሲሊንደሮች ግፊት ለካሁ። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ተቀራራቢ ነበሩ።

አዲስ ፊልትሮ ገጠምን። ውሃው 41 ላይ ቆመ።

ከወሰኑ በታች ነው። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ያቆማል። እኔም ላቆም ነበር። ግን አዲስ ፊልትሮ ገብቶ 41? ቤቱ ባዶ ሆኖ ብለካውስ ብዬ ፊልትሮውን አውጥቼ ደገምኩት። ያለ ፊልትሮ 34 አነበብኩ። ሞተሩ ከፊልትሮው ሌላ በሆነ ነገር እየታነቀ ነው ማለት ነው።

የሚኒባሱ ረዳት ነው ያገኘው። ከፊልትሮ ቤቱ ወደ ሞተሩ የሚሄደውን ማኒኮቶ፣ ጥቁሩን የጎማ ቱቦ፣ ይዞ ቆሞ ነበር። ነዳጅ ስሰጠው «ጋሽዬ፣ ይኼ ነገር ይጨብጠኛል!» ብሎ ጮኸ። ጎንበስ ብዬ አየሁ። ቆሞ ሳለ ክብ የነበረው ማኒኮቶ ሞተሩ ሲስብ መሃሉ ላይ እንደ ተጠባ ጉንጭ ወደ ውስጥ ይሰረጉዳል። ነዳጁን ስለቅ ተመልሶ ይነፋል። ኦሪጅናሉ ማኒኮቶ በውስጡ ሽቦ ወይም ጠንካራ እጥፋት አለው። ይኼኛው ከገበያ የተገዛ ልል ጎማ ነው፤ ውሃ ሊያሳልፍ ይችል ይሆናል፣ መሳብ ግን አይችልም። እንዲህ ያለ ብልሽት ሞተሩ ጠፍቶ መቼም አይታይም። መኪናው ስንት ጋራዥ ገብቶ ወጣ? ሁሉም ያዩት ቆሞ ነው።

ሽቦ ያለው ማኒኮቶ ገጥመን ሁለቱንም ጫፍ በአዲስ ፋሼታ (ማሰሪያ) አጠበቅን። ውሃው 22 ሆነ። ከ64 ወደ 22።

ደስ አለኝ። ጋሼም መረቁኝ። ሦስት ቀን ሠርተው ተመለሱ። ናፍጣውን የምንለካው ታንከሩን እስከ አንገቱ ሞልተን፣ ማታ ሲመለሱ እዚያው ሜዳ ቦታ ላይ በጀሪካን መልሰን እየሞላን ነው። ባዶ ሄደው እንዳይሆን የተሳፋሪውን ቁጥር ረዳቱ ይጽፋል። ውጤቱ 26 ሊትር ተኩል ነበር። ከ28 ወርዷል። ግን 24 አይደለም። ጭሱም ቀንሷል እንጂ አልጠፋም።

ከዚያ መንገዱ ለአንድ ሳምንት ተዘጋና ሥራው ቆመ። እኔ ግን ነገሩ ሲያሳስበኝ ከረመ።

መልሱን ያገኘሁት በእጄ ነው። ጋሼ ከደባርቅ እንደገቡ፣ ሞተሩ ሳይበርድ፣ ፊልትሮ ቤቱን ልከፍት ያዝኩት። አቃጠለኝ። ንጹሕ አየር የሚገባበት ዕቃ ለምን ይግላል? ሃይኤስ ሞተሩ ከፊት ወንበር ሥር ነው። እዚያ ያለው አየር የሞቀ ነው፤ ስለዚህ አየሩን ከውጭ የሚያመጣ የፕላስቲክ ቱቦ አለው። ቱቦው ተሰብሮ ወድቋል። ቀሪው ቁራጭ በሽቦ ታስሮ አፉ ወደ ሞተሩ ዞሯል። ቴርሞሜትር ሰደድኩ። ውጭ 22 ዲግሪ፣ ሞተሩ የሚተነፍሰው 58 ዲግሪ።

አየር ሲሞቅ ይሳሳል። በዚህ ልዩነት አንድ ሲሊንደር ሙሉ አየር በ11 ከመቶ ገደማ ያነሰ ክብደት ይኖረዋል። አስተውሉ፦ ይህ ከ64 ሴንቲ ሜትሩ ማነቆ ይበልጣል። ያ የምኮራበት ባለቀይ ውሃ ጣውላዬ ደግሞ ይህን ጨርሶ አያሳይም። እሱ የሚያውቀው ግፊት ነው፤ ሙቀት አያውቅም። መጀመሪያ ቀን እጄን ብሰድ ኖሮ አንድ ሳምንት ባተረፍን ነበር።

ቱቦውን ከፕላስቲክ ቧንቧ ሠርተን አፉን ከጎን ወደ ውጭ አወጣነው፤ የጎማው ጭቃና አቧራ በቀጥታ ከማያገኘው ቦታ። የሚስበው አየር 27 ዲግሪ ሆነ። በቀጣዮቹ ሁለት ጉዞዎች ፍጆታው 25 ሊትር ተኩል፣ ጋሼም «ወቅን ዳገት ላይ ሦስተኛ ያዘ» አሉ። ይህን ሲሉ ፊታቸው ላይ የነበረውን ብርሃን አልረሳውም።

የቀረው ፖምፓው ነው። ጋሼ ጉልበት አጥሮባቸው ሌላ ጋራዥ ሲሄዱ ያደረገላቸው የሙሉ ጭነት ናፍጣውን የሚወስነውን ብሎን ወደ ውስጥ ማጥበቅ ነው። ያ መካኒክ ክፉ አልነበረም። ሰው ጉልበት ጠየቀው፣ ናፍጣ ሰጠው። ነገር ግን መኪናው የራበው ናፍጣ ሳይሆን አየር ነው። አየር ያጠረውን ሞተር ናፍጣ መጨመር ያነቀውን ሰው እንጀራ ማጉረስ ነው። ጉልበቱ ጥቂት ጨመረ፣ ጭሱ በዛ፣ ናፍጣው አለቀ። አየሩን ካስተካከልን በኋላ ያ ትርፍ ናፍጣ ምክንያት የለውም። ብሎኑ ላይ በቀለም ምልክት አድርጌ ሩብ ዙር፣ ከዚያ ትንሽ መለስኩት። እያንዳንዱን ጊዜ ሙሉ ሰው ጭነን ወደ ጎሃ ሆቴል በሚወስደው ዳገት እየወጣን በመስታወት ጭሱን አየን። ቀጭን ግራጫ ጭስ ብቻ ሲቀር አቆምኩ። ይህን ሥራ ፖምፓ በማሽን የሚለካ ሰው ቢሠራው ይመረጣል፤ እኔ የሠራሁት ምልክቱ ስላለኝ፣ ካልሆነም ወደነበረበት ልመልሰው ስለምችል ነው።

ፍጆታው 24 ሊትር ገባ። አንድ ቀን 23 ተኩል ሆኖ ነበር፤ ያን ቀን ተሳፋሪው ስላነሰ አልቆጠርኩትም።

ድርሻውን ልክፈለው። ቀለበቱ፣ ፊልትሮውና ማኒኮቶው አንድ ላይ አንድ ሊትር ተኩል አመጡ። የሞቀው አየር አንድ ሊትር። ብሎኑ አንድ ሊትር ተኩል። ብሎኑን ግን መጀመሪያ ቀን ብመልሰው ኖሮ መኪናው ዳገት አይወጣም ነበር፤ ጋሼም በማግስቱ ያንኑ ጋራዥ ሄደው ያስጠብቁት ነበር። ስለዚህ የብሎኑ ትርፍ የአየሩም ትርፍ ነው።

ወሬው ከተሰማ ወዲህ ሰው በየቀኑ ይመጣል። አንዲት እህት ቪትዟን ይዛ «የኔንም አየሩን አስተካክልልኝ፣ ቤንዚን ይቀንስ» አለችኝ። አልዋሸኋትም። ዘመናዊ የቤንዚን መኪና ኮምፒውተሩ የሚገባውን አየር ራሱ እያወቀ ቤንዚኑን በልኩ ይሰጣል። አየሩ ቢታነቅ ቤንዚኑንም ይቀንሳል። የአሜሪካ ኢነርጂ ሚኒስቴር ያስጠናው ጥናት ያገኘው ይህንኑ ነው፦ የተደፈነ ፊልትሮ የእነዚህን መኪኖች ፍጆታ አልቀየረም፤ ፍጥነት ለመያዝ ግን አዘገያቸው። ፊልትሮዋን ቀየርኩላት፣ ምክንያቱም ሞተሩን ይጠብቃል። ቤንዚን ይቀንስልሻል ብዬ ግን ብር አልወሰድኩም። ካርቡራተር ላላቸው የድሮ መኪኖች ነገሩ ይለያል፤ በዚያው ጥናት ፊልትሮ መቀየር ከ2 እስከ 6 ከመቶ ያተረፈባቸው አሉ። ካርቡራተር ያለው ባጃጅ የምትነዱ ልጆች፣ ፊልትሮአችሁን ፈትታችሁ ወደ ብርሃን ያዙት።

ጋሼ ጥምቀትን ሙሉውን ሠሩ። ከበዓሉ ማግስት መጥተው ጣውላዬን ራሳቸው ከግድግዳው አወረዱና ለረዳቱ «ስካው» አሉት። ነዳጁን ራሳቸው ሰጡት። የበዓሉ ሳምንት አቧራ ሰባት ሴንቲ ሜትር ጨምሮ ነበር፤ 29። 45 ሲደርስ ፊልትሮው ይቀየራል ተባብለናል። ቁጥሩን በእስክሪብቶ ጽፈው ከመሪያቸው በላይ፣ ከማርያም ሥዕል ጎን ለጠፉት። የድሮው ማኒኮቶ እኔ ጋር ነው። ለሁለት ሰንጥቄ በር ላይ ሰቅየዋለሁ፤ መኪናው ናፍጣ የሚጠጣበት ሰው ሲመጣ መጀመሪያ እሱን ነው የማስጨብጠው።